40 ካሬ ቤት 25 ሊትር ቀለም ለምን ይጠጣል?

ጥያቄው፦ «ሳሎናችንንና ሁለት መኝታ ቤት ልናስቀባ ነው። ሳሎኑ 5 በ4 ነው። ትልቁ መኝታ ቤት 3 ተኩል በ3፣ ትንሹ 3 በ3። ሲደመር 40 ካሬ አይሞላም። ጣሳው ላይ 1 ሊትር 12 ካሬ ይሸፍናል ይላል። በኛ ስሌት 4 ሊትር ቢገዛ ይተርፋል እንጂ አያንስም። ቀለም ቀቢው ግን 25 ሊትር ግዙ አለን። እየበላን ነው? ውሃ ብንጨምርበትስ አይበቃም? የሳሎኑ አንዱ ግድግዳ ደማቅ ቀይ ነው፤ ነጭ ልናደርገው እንፈልጋለን። ትንሹ መኝታ ቤት ከተለሰነ ሁለት ሳምንቱ ነው። ትልቁ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ከታች እየተላጠ አስቸግሮናል። ከሳምንት በኋላ እንግዳ ስለሚመጣብን በቅዳሜና እሁድ ቢያልቅልን ደስ ይለናል።»

ቀለም ቀቢው እየበላችሁ አይደለም። 25 ሊትር ያለው ለግድግዳ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ልክ ነው። ኮርኒሱን ጨምሮ ከሆነ ደግሞ አሳንሶ ነው የነገራችሁ። የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ሁለት ቦታ። የለካችሁት ወለሉን ነው፤ የሚቀባው ግን ግድግዳው ነው። ጣሳው ላይ ያለው 12 ካሬ ደግሞ የአንድ እጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀባ ማለት ነው። እናንተ ከሁለት እጅ በታች አትቀቡም።

ሳሎኑን አብረን እናስላው። የግድግዳውን ቁመት አልነገራችሁኝም፣ 2.80 ሜትር ብዬ ልያዘው። ዙሪያው 5 እና 4 እና 5 እና 4፣ በድምሩ 18 ሜትር ነው። በ2.80 ሲባዛ 50.4 ካሬ ይመጣል። አንድ በር 0.90 በ2.10 ቢሆን 1.9 ካሬ ይቀነሳል። ሁለት መስኮት እያንዳንዱ 1.50 በ1.20 ቢሆን 3.6 ካሬ ይቀነሳል። ወደ 45 ካሬ ቀረ። ሁለት እጅ ሲሆን 90 ካሬ። አሁን 12 የሚለውን እርሱትና ለአንድ ሊትር 10 ካሬ ያዙ። 9 ሊትር ወጣ። ለሚፈስሰው፣ ሮለር ላይ ለሚቀረውና በኋላ ለሚነካካው 10 በመቶ ጨምሩ። 10 ሊትር። ወለሉ 20 ካሬ የሆነ ሳሎን ለግድግዳው ብቻ 10 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። አንድ አንድ በርና አንድ አንድ መስኮት ከያዝንላቸው፣ ትልቁ መኝታ ቤት 7 ሊትር ገደማ፣ ትንሹ 6 ሊትር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሦስቱ ሲደመሩ 24 ሊትር አካባቢ ነው። ቀለም ቀቢው ሜትር እንኳን ሳያወጣ በዓይኑ ነው ያሰላው መሰለኝ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ በርና መስኮት አይቀንሱም፣ ያልተቀነሰው ለብክነቱ ይሆናል ይላሉ። እሱም ያስኬዳል። ብቻ ሁለቱን አትደራርቡ። በርና መስኮት ከቀነሳችሁ 10 በመቶ ጨምሩ። ካልቀነሳችሁ አትጨምሩ።

ወለል ለክታችሁ የምትገላገሉት ኮርኒሱን ብቻ ነው። ስፋቱ ከወለሉ እኩል ስለሆነ 40 ካሬ በሁለት እጅ 80 ካሬ ይሆናል፣ 8 ሊትር ይበቃዋል። ይህን ከ25ቱ ለይታችሁ ጠይቁት።

ለምን 10 እንጂ 12 አይሆንም? ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ልሙጥና ለማይጠጣ ግድግዳ ነው። የናንተ ግድግዳ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ሻካራ ልስን ቀዳዳው ሁሉ ይውጣል፤ 1 ሊትር ከ6 እስከ 8 ካሬ ብቻ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ግድግዳችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ ግድግዳው ላይ እርጭ አድርጉ። ውሃው ወዲያው ገብቶ ቦታው ከጠቆረ የተጠማ ግድግዳ ነው። ቀለም ከመንካቱ በፊት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ያስፈልገዋል። ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከወረደ ደግሞ የዘይት ቀለም ወይም የሚያብረቀርቅ ቀለም አለበት ማለት ነው። እሱ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈተገ አዲሱ ቀለም አይያዘውም። ቆይቶ በጥፍር ሲነካ እንደ ላስቲክ ተልጦ ይነሳል።

የውሃው ጥያቄ ሁሌ የሚመጣ ነው። መልሱ አይበቃም ነው። 1 ሊትር ቀለም 10 ካሬ ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ እርጥብ እያለ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ ውሃው ተኖ ይሄዳል። የሚቀረው ጠጣሩ ነው፤ 40 በመቶ ያህሉ ጠጣር የሆነ ቀለም ከሆነ 0.04 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ግድግዳችሁን የሚሸፍነው፣ የሚታጠበውና የልጅ እጅ የሚችለው ያቺ ስስ ነገር ናት። ውሃ ስትጨምሩ ጠጣሩ አይጨምርም፤ ሰፊ ቦታ ላይ ስለተበተነ ይሳሳል እንጂ። ከዚያ ሁለት እጅ ይበቃ የነበረው ሦስት እጅ ይፈልጋል። ቆጠብን ያላችሁት ቀለም በሦስተኛው እጅ ይሄዳል፣ ድካሙ ትርፍ ነው። ጣሳው ራሱ የመጀመሪያውን እጅ በትንሹ አቅጥኑ የሚል ከሆነ፣ በጻፈው ልክ ብቻ አድርጉት። በዓይን ግምት ጆግ አታንቆርቁሩ።

ቀዩ ግድግዳ 5 ሜትር በ2.80 ከሆነ 14 ካሬ ነው። ነጭ ቀለም በቀጥታ ብትቀቡበት መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል። ሁለተኛው እጅ ላይ ፈዛዛ ሮዝ። ሦስተኛው ላይ ደህና ነው ትላላችሁ፣ ጠዋት ብርሃን ሲመታው እንደገና ሮዝ። መላው አንድ እጅ የመሸፈን አቅሙ ጥሩ የሆነ ነጭ ፕራይመር ነው። ለ14 ካሬ 2 ሊትር ይበቃል። እሱ ከደረቀ በኋላ እንደ ሌሎቹ ግድግዳዎች ሁለት እጅ። በነገራችን ላይ ተቃራኒው ይብሳል። ነጭን ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ ማድረግ ሦስትና አራት እጅ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ እነዚህ ቀለሞች የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ነው። ያኔ ከሥር ግራጫ የተደረገ ፕራይመር ያግዛል።

ትንሹን መኝታ ቤት አሁን አትንኩት። የሲሚንቶ ልስን ጥሩ አየር እያገኘ እንኳን ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ወፍራም ከሆነ ወይም ወቅቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ። ችግሩ ውሃው ብቻ አይደለም። አዲስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ በፒኤች መለኪያ ከ12 በላይ የሚሄድ። ያ አልካላይ ከእርጥበቱ ጋር እየወጣ ቀለሙን ከሥር ያጠቃዋል። ከለሩ ቦታ ቦታ እየገረጣ ይሄዳል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይወጣል። የዘይት ቀለም ከተቀባ ደግሞ ዘይቱ ቃል በቃል ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ስትነኩት ይጣበቃል፣ በኋላ ይላጣል። ጊዜው ሲደርስም አልካላይ የሚቋቋም ፕራይመር አንድ እጅ መቅደም አለበት። 30 ካሬው ግድግዳ ወደ 4 ሊትር ተኩል ፕራይመር ይጠጣል፣ ይህን ከ6 ሊትር ተኩሉ ለይታችሁ ያዙት። ለእንግዳ ብላችሁ ያልደረቀ ልስን ከምትቀቡ በሩን ዘግታችሁ ሌላ ክፍል አስተኙት።

የሚላጠው ግድግዳ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ከጀርባው መታጠቢያ ቤት አለ ብላችኋል። ከዚያ የሚመጣ ውሃ ካለ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቀለም ብትቀቡ ከሥር ይገፋዋል። መጀመሪያ አጣሩ። እጅ የሚያህል ሳይሆን ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ድፍን አድርጋችሁ ለጥፉት። ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ስትከፍቱት ላስቲኩ ወደ ግድግዳው ባለው ፊቱ ላብ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ከሆነ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከሆነ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። ቧንቧው ሊሆን ይችላል፣ የሻወሩ የሴራሚክ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። ከተሠራ በኋላ የላላውን ሁሉ ፍቃችሁ አስወግዱ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት ስጡት፣ ያን ላስቲክ እንደገና ሞክሩት። ሲደርቅ ብቻ ቀቡ። «ውሃ የሚያስቆም ቀለም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ከውስጥ በኩል የተቀባ ቀለም ከኋላ የሚገፋ ውሃን እንደማያስቆም ንገሩት።

እንግዲህ እስከ እንግዳው ድረስ የሚቀረው ሳሎኑ ነው። እኔ የምላችሁ እሱን ብቻ፣ ግን በደንብ ሥሩ። ለሁለት ሰው ከአርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ ይበቃል።

አርብ ማታ ክፍሉን ባዶ አድርጉ። የማይወጣውን ሶፋ መሃል ሰብስባችሁ ሸፍኑት። የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን የምትፈቱ ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለውን መብራት አጥፉ። ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳውን እጠቡ። በተለይ ሰው ሲያልፍ የሚነካካውን ቦታና የኩሽና ጭስ የሚደርስበትን። ቀለም ቅባትና አቧራ ላይ አይዝም። የላላ ቀለም ያለ ከመሰላችሁ በምላጭ የመስቀል ምልክት ቆርጣችሁ ፕላስተር ለጥፉበትና ቆረጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከመጣ ፍቁት። ስንጥቁንና የምስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ። ጥልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትድፈኑት፤ ወፍራም ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሳሎን በአዲስ ነጭ አሳምሬ ቀባሁ። ቀን ላይ እንከን አልነበረውም፣ ባለቤቶቹም ተደስተው ሸኙኝ። ማታ መብራት ሲያበሩ ደወሉልኝ። ሄጄ ሳየው ስቱኮ የነካሁበት ቦታ ሁሉ ደብዘዝ ብሎ እንደ ነብር ቆዳ ተዥጎርጉሯል። ስቱኮው ቀለሙን ጠጥቶት ነው። ሌላው ግድግዳ ወዝ አለው፣ ስቱኮው ያለበት የለውም። በራሴ ወጪ ደገምኩት። ስቱኮ ከደረቀ በኋላ ይፈተጋል፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ፕራይመር ይቀባል። ሦስቱም ግድ ነው። ስትፈትጉ ደግሞ መብራቱን ከጎን በኩል ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ያዙት። ቀን የማይታየው ጉብታ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይወጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮርኒሱና ፕራይመሩ፣ እሁድ ግድግዳው። ሁሌም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ መጨረሻ በርና ዘኮሎ። በውሃ የሚበጠበጥ ፕላስቲክ ቀለም በሁለቱ እጅ መካከል ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ጣሳው የሚለውን እመኑ። የዘይት ቀለም ግን ማደር አለበት። ለዚህ ነው በሩን የእሁዱ ፕሮግራም ውስጥ ያላስገባሁት። ማዕዘኑንና ጠርዙን በብሩሽ ከቀባችሁ ሳይደርቅ ወዲያው በሮለር ተከተሉት። አንዱ ሰው ብሩሽ፣ አንዱ ሮለር ቢይዝ ጥሩ ነው። ክፍሉን ዙሪያውን በብሩሽ ጨርሳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ከመጣችሁ፣ የብሩሹ መስመር እንደ ፎቶ ፍሬም ይታያል። ሮለሩ ለልሙጥ ግድግዳ ፀጉሩ 10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ይሁን። ርካሹ ሮለር ፀጉሩን ግድግዳው ላይ ይተዋል።

አገዛዝ ላይ አንድ ነገር። ለአንድ ክፍል የሚሆነውን ቀለም በአንድ ጊዜ ግዙ። ጣሳው ላይ የምርት ቁጥር አለ፤ ተመሳሳይ ይሁን። ተመሳሳይ ከለር በተለያየ ቀን ሲመረት ወይም ሲበጠበጥ በጥቂቱ ይለያል። ግድግዳው መሃል ላይ ሌላ ጣሳ ብትከፍቱ መስመሩ ይታያችኋል። ስለዚህ ጣሳዎቹን ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አደባልቋቸው። የመኝታ ቤቶቹን ግን አሁን አትግዙ፤ በር ለይቶት ትንሽ ልዩነት ማንም አያይም። ዓይነቱን ከጠየቃችሁኝ ለሳሎን ግድግዳ ትንሽ ወዝ ያለውን ምረጡ። ጭራሽ የማያብረቀርቀው ጉድለት ይደብቃል ግን ሲታጠብ ይጠፋል። በጣም የሚያብረቀርቀው ይታጠባል ግን የልስኑን ጠማማነት ሁሉ ያጋልጣል። ኮርኒሱ የማያብረቀርቅ ይሁን፣ ማንም አይነካውም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሻጋታ ካገኛችሁ በበረኪና ማጽዳት ይቻላል፤ ግን በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሌላ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ቤቱ ያረጀ ከሆነና የድሮ ቀለም የምትፍቁ ከሆነ ደግሞ ደረቁን አትፈትጉ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው እንኳን በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አቧራው ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር በጣም አደገኛ ስለሆነ እያረጠባችሁ ፍቁ፣ ልጆቹን ከቤት አርቁ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። የዘይት ቀለም ወይም የእንጨት ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምቃችሁ ጥግ ላይ አትከምሩ። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ስትጠቀሙ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይኑር።

ሰኞ ጠዋት ሳሎኑ ያለቀ ይመስላል። በእጅ ሲነካ ደርቋል፤ ግን ጠንክሮ እስኪያልቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስድበታል። እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አትፈትጉት፣ ሶፋውንም ግድግዳው ላይ አታስደግፉት። እንግዳው ቡና ቢረጭበት ደረቅ ጨርቅ ነካ አድርጋችሁ ምጠጡት፣ በኋላ ከተረፈው ቀለም ትነካኩታላችሁ። ለዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጣሳው ላይ የክፍሉን ስም፣ ቀኑንና የከለሩን ቁጥር በማርከር ጻፉበት።